ሰሃኑን የሚሞላው ቸርነት ነው ወይስ ይሉኝታ?



በአንድ የረመዳን ምሽት ጅግጅጋ ውስጥ ለኢፍጣር ተጠርቼ ነበር። እንግዶቹ ስድስት ነን፤ የቀረበው ግን ለአሥራ ሁለት ሰው የሚበቃ ነው። በተምር አፈጠርን፤ ሳምቡሳውና ሾርባው ተከተለ፤ መግሪብ ሰግደን ስንመለስ ሁለት ወጣቶች የተሸከሙት ትሪ መካከላችን ተቀመጠ። ሩዙ እንደ ኮረብታ ተቆልሏል፤ ከላዩ የፍየል ሥጋ፣ ዳር ዳሩን ሙዝ። በላን፤ አመሰገንን፤ ለባለቤቱ ዱዓ አደረግን። እጃችንን ልንታጠብ ስንነሳ የኮረብታው እኩሌታ እንዳለ ነበር። ከተራዊሕ መልስ በዚያው ደጃፍ ሳልፍ አጥሩ ሥር በፌስታል ተቋጥሮ የተጣለ ሩዝ አየሁ። አንዲት ፍየል ፌስታሉን ከነሩዙ ታኝከዋለች።

የቤቱ ባለቤት ደግ ሰው ነው። ይህን የምጽፈው እሱን ለመንቀፍ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ፌስታል ከኔም ደጃፍ ወጥቶ ያውቃልና። ነገር ግን ያን ምሽት አንድ ጥያቄ ይዤ ገባሁ። ያን ሩዝ የጣለው ማን ነው? ያበሰለችው እህት ናት? ጠግበን የተነሳነው እኛ ነን? ወይስ በመካከላችን ሳይታይ ተቀምጦ የነበረው “ሰው ምን ይለኛል” የሚባለው ሰባተኛ እንግዳ?

ስለ ምግብ ብክነት ሲነሳ ብዙዎቻችን ነገሩን የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አድርገን እናየዋለን። ያለው ይጥላል፣ የሌለው ይቆጥባል እንላለን። ቆጥብ የሚለንንም “ገንዘቡ የኔ ነው፤ ምን አገባህ?” ብለን እንመልሳለን። ሌላው መልሳችን ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ያማረ ነው፤ “እኛ እንግዳ አክባሪ ሕዝብ ነን፤ ሰሃን መለካት የስስታም ሥራ ነው” እንላለን። ሁለቱም መልሶች ሊመረመሩ ይገባል።

ከሁለተኛው እንጀምር። ቁርኣን ስለ ማባከን የሚናገርባቸውን ቦታዎች ልብ ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። በሱረቱል ኢስራእ 26ኛው አንቀጽ ላይ ለዘመድ፣ ለምስኪንና ለመንገደኛ ሐቃቸውን መስጠት ይታዘዛል፤ የማባከን ክልከላ የሚመጣው በዚያው አንቀጽ፣ ከዚሁ ትእዛዝ ቀጥሎ ነው። ቀጣዩም አንቀጽ አባካኝን ከሸይጧን ጋር ያዛምደዋል። በሱረቱል አንዓም 141ኛው አንቀጽም እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ አዝመራው በሚታጨድበት ቀን የድሃውን ድርሻ መስጠት ይታዘዛል፣ ወዲያው ማባከን ይከለከላል። መስጠት በታዘዘበት አፍ ማባከን ተከለከለ ማለት ነው።

ይህ አቀማመጥ ትልቅ ትምህርት አለው። እኛ ማባከንን ከልክ ያለፈ ቸርነት አድርገን እናስባለን። አባካኝ ማለት ሲሰጥ ሲሰጥ መስመር ያለፈ ደግ ሰው ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። የተጣለው ሩዝ ለማንም አልተሰጠም። እኛ ጠግበናል፣ ጎረቤት አላገኘውም፣ በር ላይ የቆመው ምስኪን አልቀመሰውም። ማባከን የመስጠት ጫፍ ሳይሆን የመስጠት ጠላት ነው፤ ለሌላው ሊደርስ የሚገባውን በመንገድ ላይ ያስቀራልና።

“ታዲያ ነቢዩ ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) ለጥቂት እንግዶች ሙሉ ጥጃ አላቀረቡም ወይ?” የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ታሪኩም በሱረቱ ሁድና በሱረቱ ዛሪያት የሰፈረ ነው። ይሁን እንጂ ሁለት ነገር እናስተውል። አንደኛ፣ ኢብራሂም ወደ ቤተሰባቸው የሄዱት በቀስታ፣ ለእንግዶቹ ሳያስታውቁ ነበር። የቁርኣን ተርጓሚዎች ይህን ከእንግዳ አቀባበል ሥርዓት ይቆጥሩታል፤ እንግዳው እንዳይሳቀቅ፣ ዝግጅቱም መታያ እንዳይሆን ነው። ሁለተኛ፣ እንግዶቹ መላእክት ስለነበሩ ከጥጃው አልበሉም፤ ነገር ግን ጥጃው ተጣለ የሚል አንድም ቃል አናገኝም። ቸርነታቸው ካላቸው መልካሙን ማቅረባቸው ነው። የኛ ትሪ ግን ብዙ ጊዜ ለእንግዳው ሆድ ሳይሆን ለእንግዳው ዓይን የሚቀርብ ነው። እንግዳው ወጥቶ እንዲያወራልን ነው።

ይህን ስል የሶማሌን የእንግዳ አቀባበል ማጣጣሌ አይደለም። እንዲያውም ወደ ሥሩ ብንመለስ መልሱን የምናገኘው እዚያው ነው። በሽንሌ ወይም በአውበሬ ገጠር “ማርቲ”፣ ማለትም እንግዳ፣ የሚመጣው ረጅም መንገድ በእግሩ ተጉዞ ነው። ሱቅ የለም፤ ምግብ ቤት የለም። ያልተቀበሉት እንግዳ በረሃ ላይ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ፍየል ይታረዳል፣ ወተት ይቀዳል። ነገር ግን ከዚያ ፍየል የሚጣል ነገር ነበርን? ሥጋው ከተረፈ ይዘለዘላል፣ ይደርቃል፣ ተከትፎ በቅቤ ይጠበሳል፤ ሙቅመድ ወይም ኦድካዕ ይሆናል። በቅቤው ውስጥ እንደተቀመጠ ወራት ይቆያል። አጥንቱ መረቅ ይወጣዋል፤ ቆዳው ምንጣፍና ማሰሪያ ይሆናል። የግመል ወተት የሚቀመጥበት ዕቃ ጥሩ ሽታ ባለው እንጨት ጭስ ይታጠናል፤ ጭሱ ወተቱ ቶሎ እንዳይበላሽ ይረዳል። ያልተጠጣው ወተት ደግሞ እየኮመጠጠ ዳናን ይሆናል እንጂ አይደፋም። ማቀዝቀዣ የማያውቅ ሕዝብ፣ ሙቀት በበዛበት አገር፣ ወተትና ሥጋ ሳይጥል ኖረ።

እንግዳ አክባሪነትና ቁጠባ በአንድ ጎጆ ውስጥ አብረው ይኖሩ ነበር ማለት ነው። አርብቶ አደሩ ለእንግዳ የሚያርደው ስለማይሰስት ነው፤ የተረፈውን የማይጥለው ደግሞ የከብቱን ዋጋ ስለሚያውቅ ነው። እኛ ከተሜዎቹ የወረስነው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው። ማረዱን ይዘን መጣን፤ ሙቅመዱን ግን ገጠር ተውነው።

የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ አንዲት የሞተች በግ ያሉት ነገር በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። በጓ የእመት መይሙና (ረ.ዐ.) አገልጋይ የነበረች ሴት በሰደቃ ያገኘቻት ነበረች። ነቢዩ በጓ ወድቃ ባዩ ጊዜ ቆዳዋን ለምን እንዳልተጠቀሙበት ጠየቁ። በክት መሆኗ ሲነገራቸው የተከለከለው መብላቷ ብቻ መሆኑን አስረዱ። እንግዲህ መብላት ከተከለከለው በክት እንኳ የሚጠቅመው አይጣል ከተባለ፣ በቢስሚላህ የታረደ፣ በንጹህ እጅ የበሰለ ሩዝና ሥጋ ፌስታል ውስጥ ሲገባ ምን ልንል ነው?

አሁን ወደ መጀመሪያው መልስ እንመለስ፤ “ገንዘቡ የኔ ነው” ወደሚለው። በእርግጥ ሩዙን የገዛኸው አንተ ነህ። ነገር ግን የከፈልከው የመጨረሻውን ዋጋ ብቻ ነው። ያ ሩዝ በባዕድ አገር ማሳ ውስጥ የበቀለ፣ በመርከብ በርበራ ወይም ጅቡቲ የደረሰ፣ በቶጎ ውጫሌ ወይም በድሬዳዋ በኩል በጭነት መኪና የመጣ ነው። አገሪቱ የምትገዛው ባላት ጥቂት የውጭ ምንዛሪ ነው። የተቀቀለበትስ ውሃ? በድርቅ ዘመን በአካባቢያችን የቢርካ ውሃ ሲያልቅ ውሃ በቦቴ ይመላለሳል፤ አንድ ጀሪካን ለማግኘት እናቶች ከሌሊት ጀምረው ይሰለፋሉ። ሩዝ ስንጥል ያን ውሃና የእሳቱን ከሰል አብረን እንጥላለን። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሙእሚን ሪዝቁ ከአላህ የተሰጠው አማና መሆኑን ያምናል። አማና ደግሞ ባለቤቱ ይጠይቅበታል እንጂ “የኔ ነው” አይባልበትም።

በቁጥር እንየው። አንድ ቤተሰብ በየቀኑ ከሚያበስለው ላይ አንድ ብርጭቆ ጥሬ ሩዝ ያህል፣ 200 ግራም ገደማ፣ ይጥላል እንበል። ብዙ አይመስልም። በዓመት ግን 73 ኪሎ ይሆናል፤ ባለ 25 ኪሎውን ጆንያ ሦስት ጊዜ ለመሙላት ሁለት ኪሎ ብቻ ይጎድለዋል። በሰፈራችን መቶ ቤት እንዲህ ቢያደርግ 73 ኩንታል ነው። በአገራችን የእርዳታ ምጣኔ አንድ የተራበ ሰው በወር የሚታሰብለት እህል 15 ኪሎ መሆኑን ስናስታውስ፣ በቀን አንድ ብርጭቆ የሚጥል አንድ ቤት በዓመት የአንድን ሰው የአምስት ወር ቀለብ ሊሞላ ጥቂት የጎደለውን ያህል ጣለ ማለት ነው። የብሩን ሒሳብ እያንዳንዳችሁ በሰፈራችሁ ሱቅ ዋጋ አባዙት።

ይህ የሀብታሞች በሽታ ነው ብለን ራሳችንን አናጽናና። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ በ2022 በዓለም 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ባክኗል፤ ከዚህ ውስጥ 60 በመቶው የባከነው በሆቴልና በሱቅ ሳይሆን በየሰው ቤት ነው። በሀብታም አገሮችና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ቤቶች መካከል ያለው ልዩነትም በአንድ ሰው በዓመት ሰባት ኪሎ ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። ብክነት ደሃና ሀብታም ሳይለይ በየማዕድ ቤቱ የተቀመጠ ነገር ነው።

እኛ ግን ከሌላው ዓለም ይልቅ ልንጠነቀቅ የሚገባን ምክንያት አለን፤ ረሃብን በዓይናችን አይተናልና። እ.ኤ.አ. በ1988 ሐርገሳና ቡርዖ በጦርነት ሲፈርሱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ድንበር ተሻግሮ ወደኛ መጣ። ሃርቲሼክ በአንድ ወቅት ከዓለም ታላላቅ የስደተኛ ሰፈሮች አንዱ ሆኖ ነበር፤ የተዘጋውም እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኖ ምክንያት የደረሰው ድርቅ የሲቲ ዞንን ከብት ፈጅቶ ስንቱን አርብቶ አደር ባዶ እጁን አስቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ እህል ከታለመለት ሰው ውጭ ይሄዳል በሚል የምግብ እርዳታ በመላ አገሪቱ ሲቋረጥ፣ በቀብሪበያህ፣ በአውበሬና በሸደር የተጠለሉ ስደተኞች ከጁን እስከ ኦክቶበር ያለ ራሽን ቆይተዋል። እነዚህ ሰፈሮች ከጅግጅጋ በመኪና የሰዓታት መንገድ እንኳ አይደሉም።

በጎረቤቴ የሚኖሩ አንዲት አዛውንት አሉ፤ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ “ኤዶ” እያሉ ይጠሯቸዋል። ሃርቲሼክን በልጅነት ሳይሆን በእናትነት ያዩ ናቸው። ከበሉ በኋላ በምንጣፉ ላይ የወደቀውን ሩዝ አንድ በአንድ በጣታቸው ይለቅማሉ። የልጅ ልጃቸው በእንግዳ ፊት አፍሮ “ኤዶ፣ ተይው እንጂ፤ ሩዝ ሞልቷል!” አላቸው። እሳቸውም ቀና ሳይሉ፣ “ሞልቷል ያሉ ብዙ ሰዎች አውቅ ነበር” አሉና ለቀማቸውን ቀጠሉ። የወደቀ ጉርሻ ተነስቶ፣ ጠርጎ ይበላ፣ ለሸይጧን አይተው የሚለውን የሙስሊም ዘገባ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው። ያፈርነው እኛ ነን፤ ማፈር የነበረብን ግን በሳቸው ልቅምታ ሳይሆን በኛ ፌስታል ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ፍትሕ የጎደለው ነገር ሳይነሳ መታለፍ የለበትም። ስለ ማዕድ ቤት ቁጠባ ስናወራ ጣታችን የሚቀሰረው ሁልጊዜ ወደ እህቶቻችን ነው። ምግቡ ቢያንስ “አዋረደችን” ትባላለች፤ ቢተርፍ “አባካኝ” ትባላለች። ስንት ሰው ይዞ እንደሚመጣ ለሚስቱ የማይነግር ባል፣ ለሦስት ሰው ተዘጋጅታ ስምንት የሚያመጣባት፣ በማግስቱ ደግሞ ስምንት ይመጣሉ ብላ ስትሠራ ብቻውን የሚገባ ባል፣ የብክነቱ ተካፋይ አይደለምን? ስለ አንድ ማንኪያ ዘይት ሚስቱን የሚገስጸውስ፣ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ለጫት የሚያወጣውን ብር ቆጥሮት ያውቃልን? ቁጠባ ከደካማው ላይ ብቻ ሲጠየቅ ቁጠባ መሆኑ ቀርቶ ጭቆና ይሆናል። የትሪውን ስፋት የሚወስነው ማን እንደሆነ እናውቃለን። ተጠያቂነቱም ከዚያ ይጀምር።

ሌላም የሚያስፈራኝ ነገር አለ። አንዳንዶቻችን “እኔስ አልጥልም፤ የተረፈውን ለድሃ እሰጣለሁ” እንላለን። መልካም ነው። ግን መቼ ነው የምንሰጠው? ምግቡ አድሮ፣ ሽታው ከተለወጠ፣ እኛ አንበላውም ካልን በኋላ አይደለምን? ሱረቱል በቀራ 267ኛው አንቀጽ ለራሳችን ቢሰጠን ዓይናችንን ጨፍነን ካልሆነ በቀር የማንቀበለውን መጥፎ ነገር መርጠን እንዳንለግስ ያስጠነቅቃል። የተበላሸ ምግብ ለምስኪን መስጠት ቆሻሻን በሰው ሆድ መጣል እንጂ ሰደቃ አይደለም። በጤናም በኩል አደጋ አለው። የተቀቀለ ሩዝ በሞቀ ክፍል ለሰዓታት ሲቆይ የሚፈጠር መርዝ አለ፤ ሩዙ እንደገና ቢፈላም መርዙ አይጠፋም። ለልጃችን የማናጎርሰውን ለሰው ልጅ አናጉርስ።

እንግዲህ የጥያቄዬ መልስ ወደዚህ ያደርሰኛል። የድሃው ድርሻ ከትሪው በኋላ የሚተርፈው ሳይሆን ከትሪው በፊት የሚነሳው መሆን አለበት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አቡ ዘርን (ረ.ዐ.) መረቅ ሲሠራ ውሃውን እንዲያበዛና ጎረቤቶቹን እንዲያስብ ሲመክሩት፣ ምክሩ ድስቱ ገና እሳት ላይ ሳለ የሚፈጸም ነው። የሁለት ሰው ምግብ ለሦስት ይበቃል ሲሉም የሚናገሩት ስለ ፍርፋሪ ሳይሆን ስለ ገበታው ነው። ከድስቱ ትኩሱን በንጹህ ሰሃን ቀንሶ ለጎረቤት የላከ፣ ከዚያ የቀረውን ለእንግዳው ያቀረበ ሰው፣ ቆጥቧልም ቸሯልም። እንግዳው የሚያየው ትሪ ያንሳል፤ አላህ የሚያየው ግን ይበዛል።

የቀረው ሥራ ቀላል ነው። ሩዙን በግምት ሳይሆን በብርጭቆ እንለካ። ትሪውን አንዴ ከመቆለል በመጠኑ አቅርበን “ጨምሩ” ሲባል እንጨምር፤ ሁለተኛ መቅረቡ ለእንግዳ ክብር እንጂ ውርደት አይደለም። የተረፈው ሩዝ ሳይውል ሳያድር ቶሎ ይቀዝቅዝ፣ በማግስቱ በደንብ ሞቆ ይበላ፤ ማቀዝቀዣ የሌለው ደግሞ ሌሊቱን ሳያሳልፍ ያካፍል። ያደረ እንጀራ ፍርፍር ይሁን፤ ከበዛም ደርቆ ድርቆሽ ይቀመጥ። የዒድ አል-አድሓ ሥጋ ሲበዛ እናቶቻችን ሙቅመዱን ያስተምሩን። ልጣጩና ፍርፋሪው ለፍየል ይሰጥ፤ ነገር ግን ያለ ፌስታል! የዋህ እንስሳ ሆዷ በላስቲክ ተሞልቶ እንዳትሞት። እንግዶችም ድርሻ አለን፤ የማንጨርሰውን ወደ ራሳችን አንሳብ፣ ባነሰ ትሪም አንሜት። የሰባተኛውን እንግዳ ጉሮሮ የሚዘጋው የኛ ዝምታ ነውና።

በሱረቱል ፉርቃን 67ኛው አንቀጽ የአር-ራሕማን ባሮች ሲገለጹ፣ ወጪያቸው ከማባከንም ከመሰሰትም የራቀ፣ በመካከል የቆመ መሆኑ ተነግሯል። መካከሉን ለማግኘት ሚዛን መግዛት አያስፈልግም። ድስቱን ከመጣዳችን በፊት ራሳችንን አንድ ጊዜ እንጠይቅ፤ ይህን የማበስለው ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው፣ ወይስ አላህ ምን ይለኛል ብዬ?

አላህ (ሱ.ወ.) ሪዝቃችንን ይባርክልን፤ ከሚያባክኑትም ከሚሰስቱትም አያድርገን። አሚን።